ጫፍ ላይ ያለው ሥጋ

ልብስ ሰፊዋ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ ያደረውን ሥጋ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር እያፈራረቀች፣ ቀሚስ ላይ ዶቃ የምትደረድር ይመስል፣ በቀጫጭን እንጨቶች ሰካችው። ትልቁን ቁራጭ እንደ ልማዷ ጫፍ ላይ አደረገች። ድሮ ልጇ ሥጋው ገና ከፍሙ ሳይወርድ ያንን መንጭቆ ይሮጥ ነበር፤ እሷም "አንተ ሌባ!" እያለች እስከ ደጅ ታባርረው ነበር። አሁን ሥራው ሩቅ ከተማ ወስዶታል፤ ሲደውል እንኳ እንደቸኮለ ነው።

ሥጋው ፍሙ ላይ መንጫጫት ሲጀምር ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቧንቧው ዞረች። እጇ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ውሃውን ከፍታ ዝም ብላ ቆመች፤ ያኔም ሌባው ጊዜ እንዲያገኝ ብላ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ኋላ ላይ ሆድ ባሳትና "ምን ነካኝ?" ብላ ቧንቧውን ዘጋች።

ዞር ስትል ከአንዱ እንጨት ጫፍ ሥጋው የለም። ዓይኗ ወደ በሩ ሮጠ።

ሐኪም ሥጋ የከለከለው ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ትኩሱ አፉን እያቃጠለው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያላምጣል።

"ምን ታዪኛለሽ?" አላት አፉ እንደሞላ፣ "አባርሪኝ እንጂ!"