ዋስ እንድትሆነው የተጠራች እናት

«ፈርሚና ባልሽን ይዘሽ ግቢ!»

መርማሪው ፖሊስ ይህን ሲላት፣ አገጯ አብጦ አፏን እንኳን በቅጡ መክፈት አቅቷት ነበር…

ልብስ ሰፊ ናት። የሁለት ልጆች እናት።

ባልየው ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው… ምላሱ ቅቤ፣ እጁ ድንጋይ!

የመርማሪውንም ጢም የሚላጨው እሱ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ ወንበሩን ለእሱ ሰጥተው፣ የተደበደበችውን ግድግዳ አስደግፈው ያቆሟት።

ቱ! ይሄም ፍርድ ሆኖ!

«ክስ ምን ይሠራልሻል እህቴ? ቤትሽን ነው የምታፈርሺው። አዲስ አሠራር አለ… የንዴት መቆጣጠሪያ ስልጠና ይገባል፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ዋስ ይሆነዋል፣ መዝገቡ ይዘጋል። በቃ!»

«ዛሬስ… አብሬው ነው የማድረው?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልታድሪ?» ብሎ ሳቀ።

ባልየውም አብሮ ሳቀ።



በዚህ መሃል በሩ ተበረገደ። የባልየው እናት! ድምጿ ከመኪና ጡሩምባ የሚብስ፣ ስትገባ ክፍሉ የሚጠብባት ሴትዮ።

ሚስትየው ስታያት «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች በሆዷ። የወለደ አንጀት በልጁ ይጨክናል እንዴ?

«እንኳን መጡ እማማ! ልጅዎን ትንሽ ንዴት ቢጤ ይዞት ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙና ዋስ ይሁኑት።»

እናትየው የምራቷን አገጭ አየች… ልጇን አየች…

«ንዴት ነው ያልከኝ?»

«አዎ እማማ።»

«አንተን ሲላጭህ ቆርጦህ ያውቃል?»

«ኧረ አንድም ቀን! እጁ እኮ ሐር ነው!»

«እኔ እሱ ሱቅ ፀጉር ስጠርግ ነው የምውለው። ሰካራም ገብቶ ይሰድበዋል፣ አንዱ ‘አበላሸኸኝ’ ብሎ ይጮህበታል። ‘ይቅርታ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ’ ነው መልሱ! ምላጭ በእጁ፣ የሰው አንገት ከፊቱ… ማንንም ጭሮ አያውቅም! ታዲያ ንዴቱ እቤት በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው? መርጦ ነው የሚመታት!»



«እማዬ! ልጅሽ እኮ ነኝ!»

«ለዚህ አይደል የማውቅህ!»

መርማሪው እስክሪብቶውን እንደዘረጋ ቀረ። «ታዲያ… አይፈርሙም?»

«እፈርማለሁ እንጂ! ግን ለዋስነት አይደለም፣ ለምስክርነት! ትናንት ገፍትሮ ከጠረጴዛ ጋር ሲያላጋት በዓይኔ አይቻለሁ። ጻፍ!»

ጻፈ። ምን አማራጭ አለው?

ለዋስነት የተጠራችው እናት ልጇን ለሕግ ሰጠችው። ባልየው ወደ ማረፊያ ቤት ተወሰደ።

ሴትዮዋም የምራቷን ክንድ ይዛ ወጣች። «ነይ ልጄ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ካንቺ ጋር የማድረው። ማንኮራፋቴን ብቻ ቻዪኝ!»

አገጯን እያመማት… ሳቀች።

ወገኖቼ፣ ውጭ ለሁሉ ትሁት ሆኖ እቤቱ ሲገባ የሚማታን ሰው «ተናዶ ነው» አትበሉ። ስልጠናውን ይሠልጥን፣ ማን ከለከለው? ግን በፍርድ ፈንታ አይሁን! እንዲህ ያለው እርቅ ድብደባውን በር ዘግቶ ማስቀጠል ነው።

እስቲ ሳታፍሩ ንገሩኝ… እናቱ እናንተ ብትሆኑ የትኛው ላይ ትፈርሙ ነበር?