ቁጥሩ አልሞላም

ዋና አዘጋጁ ስቱዲዮው ድረስ ገብቶ፣ ከዜናው ላይ «ጦርነት» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና «ግጭት» ብሎ ጻፈባት። «ጦርነት ለማለት ገና ነው፤ የሟቾች ቁጥር አልሞላም። መስፈርት አለው እኮ፣ የኔ እህት» አላት ዜና አንባቢዋን። እሷ ጥቁር እንደለበሰች ቀና ብላ አየችው። «ትናንት የቀበርኩት ወንድሜስ ተቆጥሯል?» «ስሜታዊ አትሁኚ» አለና ሰዓቱን አየ። «አየር ላይ ልትገቢ ነው።»

የማሰራጫዋ ቀይ መብራት በራች። አንባቢዋ «በከተማችን ዳርቻ በተከሰተው…» ብላ ሳትጨርስ ሕንጻው በመድፍ ፍንዳታ ተናወጠ፤ የስቱዲዮው መስታወት እንዳለ ረገፈ። ከጎኗ ቆሞ የነበረው አዘጋጅ የት እንደገባ ጠፋት። ጎንበስ ስትል ጠረጴዛው ሥር ተኮራምቶ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቀዩን እስክሪብቶ ግን አልለቀቀም።

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። ቀይዋ መብራት አሁንም አልጠፋችም። ማይክሮፎኑን ከነገመዱ ጎትታ ወረደችና አፉ ላይ ደቀነችበት።

«አሁንስ ሞላ?» አለችው፣ አገር እየሰማ። «ወይስ እርስዎንም እንጨምር?»