የሌንሴ ልምምድ

የዓለም ጨዋታዎች ሕግ ከተለወጠ ወዲህ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ያላሰለፈ አገር ሯጮቹንም መላክ አይፈቀድለትም። በቆጂ ውስጥ ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ሁሉ የራስ ቁር አጥልቆ መጋጨት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የሌንሴ ታላቅ ወንድም ገመቹም አንዱ ነበር።

"አንቺ ብቻ ሩጪ፤ ግጭቱን እኔ እችለዋለሁ" ብሏት ወደ ጨዋታዎቹ አብሯት ሄደ።

እሷ በአሥር ሺሕ ሜትር ወርቅ አገኘች። እሱ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጡ ሳለ የፉትቦል ቡድኑ አሠልጣኝ መጣ።

"ለመጪው ጨዋታ ቡድናችን ሰው ጎድሎታል። ገመቹ እንዲያው ቢቆምልን እንኳ ይበቃናል" አለ።

ገመቹ ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረ። አማሰለና መጨመሩን ረስቶ ደገመ። ሻዩ ከብርጭቆው ተርፎ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ ሌንሴ አየችው።

"እሱም አይመጣም፣ እኔም አልሮጥም" አለች።

"ልጄ፣ እግርሽ እኮ የአገር ነው!"

"የወንድሜስ ጭንቅላት የማን ነበር?"

አሠልጣኙ ወጥቶ ሄደ።

ሌንሴ ከዚያ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ይህን ለገመቹ ስንቴ ነግራዋለች፤ ሲነጋ ግን ይረሳዋል። ጎህ ሲቀድ በሯን ያንኳኳል።

"ሌንሴ፣ ተነሺ እንጂ! ልምምድ ረፈደብሽ።"

አሁን ማስረዳቱን ትታዋለች። የሩጫ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣና ከአጥሩ ጀርባ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ፀሐይ ስትወጣ፣ ላብ እንዲመስልላት ፊቷን በጤዛ አርሳ ወደ ቤት ትመለሳለች።