ያልተጠራው ስም

ታየች አንደበቷ ከተሳሰረ አራተኛ ወሯ ነው። ታናሽ እህቷ እናኑ በየማክሰኞው ከጠዳ ጣልያን ጥሎት በሄደ የጭነት ማኪና አሳፍራ ጎንደር ሐኪም ቤት ትወስዳታለች። እህቷ እንድትድን ስለት ተስላለች። እንዳትናገር የተመኘችበትም ቀን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታየች በተዳረች በሰባት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ሴት። እናኑ ልታርሳት መጣች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ልትነሣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እናኑ ጠዋት መደቡ ላይ ስትነቃ ልጅቱ ከጎኗ ነበረች፤ እስከ አገጯ በወግ ተጠቅልላ፣ ቀዝቅዛ።

በዶሮ ጩኸት ሕፃኗን አንሥታ ለእናቷ ለጡት መስጠቷን ታስታውሳለች። መልሳ መቀበሏን አታስታውስም። በእነዚያ ሳምንታት ግን ከድካሟ ብዛት ምን እንዳበሰለችም አታስታውስም ነበር። ተኝቼባት ነው አለች በልቧ።

ታየች ቀድማ ተነሥታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እናኑ ስትጮህ ቀና ብላ አላየችም። የእናት ልብ ቀድሞ ያውቃል አሉ ጎረቤቶች።

እናኑን የጠረጠረ አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት የቀጥቃጩ የይባረክ ሚስት የሠራችውን እንስራ ልታደርስ መጥታ፣ ሕፃኗን አይታ «ምን ያለች ሸጋ ናት» ብላ ነበርና ለመንደሩ ይኸው በቃው። ልጅቱ ክርስትና ስላልተነሣች ከደብሩ አጥር ውጭ ተቀበረች። ታየች እህል አልቀምስ ስትል ደግሞ ቡዳው ከልጅቱ ተርፎ እናቲቱንም ይዟል ተባለና ደብተራ ወልደኢየሱስ ተጠሩ።

ደብተራው ሥር አጢሰው «ልጅቱን የበላ ማነው? ስሙን ጥራ» እያሉ ያደረባትን ቡዳ ያፋጥጡት ጀመር። በደንቡ የተያዘ ሰው ይለፈልፋል፤ የበላውን በስሙ ይጠራል። ታየች አፏን ከፈተች። ዓይኗ ከቆመው ሰው ሁሉ መካከል እናኑ ላይ ዐረፈ። ድምፅ ግን አልወጣትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አልወጣትም።

ስሙ እንዳይጠራ ምላሷን ያሰረው ራሱ ቡዳው ነው አሉ ደብተራው። የቀረውን ስም ሰዉ ሞላው። በሳምንቱ ይባረክና ሚስቱ ወናፋቸውን በአህያ ጭነው ከመንደሩ ወጡ። እናኑ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይመለሱ ነበር። አልተነፈሰችም። እቴቴ አይታኛለች፣ የእናቷ ልጅ ሆኜባት ነው ያልጠራችኝ እያለች ውስጥ ውስጡን ታልቅ ጀመር።

የታየች ባል ፋንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ግን ይመክረዋል። እስከ ፍልሰታ ካልተናገረች ወደ አባቷ ቤት እመልሳታለሁ ብሎ ለሽማግሌ ተናገረ። ሐኪም ቤት መሄዱን ያመጣችው እናኑ ናት።

ዳኛው የሚባለው ሐኪም የታየችን ጉሮሮ በባትሪ አየና እንድትስል አዘዛት። ሳለች። ሳሏ ድምፅ ነበረው።

«ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው» አለ ለእናኑ። «አንደበቷን የያዘው ሊነገር ያልቻለ ነገር ነው። እሱን መርፌም አያወጣው፣ ሥርም አያወጣው። የዚያን ቀን ነገር አንቺ እዚሁ አጠገቧ ሆነሽ ንገሪኝ። ደጋግመሽ። እሷ ትስማ። አንድ ቀን ካፍሽ ትቀበልሻለች።»

እናኑ ከደብተራው ይልቅ ይህን ሰው ፈራችው።

ሦስት ማክሰኞ ተረከችለት። የእንስራውን ቀን፣ የጢሱን ቀን፣ የቀብሩን ቀን አሳምራ ትናገራለች። ማለዳውን ግን «ሕፃኗ ሞታ ተገኘች» ብላ ታልፈዋለች። እዚያ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ታየች እጇን ይዛ ጭምቅ ታደርጋታለች። እናኑ ያ ጭመቃ አውጪው የሚል ይመስላታል። ሐኪሙም አላመለጠውም።

«የዘለልሽው አለ» አላት በሦስተኛው።

ሲመለሱ ከአዘዞ የተሳፈረ አንድ በግ ነጋዴ ታየች እንደማትናገር ሲሰማ፣ እንዲህ ያለች ሚስት ሰባት አገር ዞሮ አጥቶ ጠዳ ላይ መኖሯን ባለማወቁ እንደሚቆጨው አወራ። ማኪናው ሙሉ ሳቀ። ታየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እናኑ አልሳቀችም፤ እስከ ፍልሰታ የቀረውን በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ቀን።

በአራተኛው ማክሰኞ ከበር ገብታ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ተኝቼባት ነው ጌታዬ። ቡዳ አልበላትም። ያቺ ምስኪን የይባረክ ሚስት በኔ ነው አገር የለቀቀች። እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ጥሎኝ የእህቴን ልጅ የገደልሁ። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም።» ወደ ታየች ዞራ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «እቴቴ፣ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ። ጥሪኝ። ስሜን ጥሪኝና ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

ታየች ጨምቃ የያዘችውን የእህቷን እጅ ለቀቀች። እናኑ ጥፊውን ጠበቀች። ጥፊው አልመጣም። ከላይዋ የተሰማት የተሰነጠቀ፣ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ድምፅ ነበር።

«ከኔ ሥር ነው ያገኘኋት እናንዬ፤ ሳትነቂ ካንቺ ጎን ያስተኛኋት እኔ ነኝ።»