የኋላው ወንበር

በ1970 ዓ.ም. በልግ ላይ ሮበሌ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ይጠግን ነበር።

አውሮፕላኗ ከነፋስ ስልክ ወዲያ ባለ ሜዳ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የቆመች ናት፤ ከንጉሡ ዘመን የበረራ ክበብ የቀረች። ክንፎቿ ረጃጅም ናቸው፤ እንጨት ላይ ሸራ የተወጠረባቸው። ሞተሯ ትንሽ ነው። አንዴ ከፍ ካለች ግን ሞተሯ ቢጠፋም እንደ ጭልፊት በነፋስ ትንሳፈፋለች። የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

አለቆቹ ለወጣቶች ማሠልጠኛ ትጠገን አሉ። በክበቡ ጊዜ ከጠገኗትም ካበረሯትም የቀረው ሮበሌ ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በደንብ ትነሳለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ታስላለች፤ ከዚያ ቀጥ። ሮበሌ ካንዴላዎቿን ለወጠ። ካርቡሬተሯን ፈትቶ አጠበ። ያው ሆነች።

ቤት ሲገባ አይናገርም። መጋቢት ላይ ታናሽ ወንድሙን ከመንገድ ከወሰዱት ወዲህ እንዲያ ሆኗል። ሚስቱ ገዲሴ የአራት ወር ልጃቸውን ፈየራን እያጠባች ፊቱን ታያለች።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ሞተሩን።»

«ሌላስ?»

«የማታውቂውን ማንም አይጠይቅሽም፣ ገዲሴ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

የክንፎቹ ሸራ በስብሶ ስለነበር ሰፊ ተቀጠረች። ዙሌካ ትባላለች። ላፍቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ቀጭን ሴት ናት። ሮበሌ ስሟን ደጋግሞ ያነሳ ጀመር።

«የዙሌካን እጅ ብታዪ! መርፌዋ የት እንደገባ አይታይም እኮ።»

«ዓይኗስ?» አለች ገዲሴ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ሚያዝያ ላይ ልጁን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሯት ሄደ፤ ልጁን አቅፋ ሚዛን ላይ ስትወጣም ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ በፊት ሄዶ አያውቅም። ጎረቤቶች «አባት ማለት እንዲህ ነው» ብለው መረቁት። አንድ እሑድ ደግሞ ልጁን ታቅፎ ወጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ወፍጮ ቤት ድረስ ወሰድኩት» አለ ደስ ብሎት። «በዚያ ሁሉ ጩኸት እንቅልፉን ለጠጠው!»

ገዲሴ ልጁን ተቀብላ አሸተተችው። የሌላ ሴት የፀጉር ቅባት ሸተታት።

በሳምንቱ ሮበሌ እየሳቀ ገባ። እጁ ላይ የተቆረጠ የጎማ ቱቦ ይዟል።

«ይኸውልሽ ጉዱ! ቤንዚን የሚያወርደው ጎማ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ከውስጥ ግን አርጅቶ ተላጧል፤ ሲሞቅ ያብጥና መንገዱን ይዘጋል። እኔ ከውጭ ከውጭ እያየሁ ሁለት ወር ደከምኩ።»

«እንግዲህ አለቀ በላ?»

«ሊያልቅ ነው።»

ከሳቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሳቁ ገዲሴን አስፈራት።

በማግስቱ ልጁን ለጎረቤት ትታ ምሳ ወሰደችለት። በሩ ላይ ዘበኛው ማሞ ሳህኑን በዓይኑ ለካው።

«የሮበሌ ሚስት! ለእኔስ ጉርሻ የለም?»

«ትናንት የበሉት አልበቃዎትም፣ ጋሽ ማሞ?»

«በዚህ ዘመን ማን ጠግቦ ያድራል!» አለና ዙሪያውን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

መጋዘኑ ውስጥ ሮበሌ የኋላው ወንበር ላይ አሸዋ እየጫነ ነበር። መጀመሪያ ትልቅ ከረጢት አስቀመጠ፤ ከዚያ እላዩ ላይ ትንሽ ከረጢት ደረበ። ዙሌካ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አጠገቡ ቆማለች።

«ሃምሳ ስድስት ኪሎ» አለች ከወረቀት እያነበበች። ገዲሴን ስታይ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ለሚዛን ነው» አለ ሮበሌ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የኋላው ባዶ ከሆነ አፍንጫዋ ይከብዳል።»

ገዲሴ ዙሌካን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ሃምሳ ስድስት ትሆናለች። ከወንበሩ ጀርባ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ታስሯል። ገዲሴ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ግን ልጆች ሜዳ ለሜዳ ለማሠልጠን ይህ ሁሉ ቤንዚን እንደማያስፈልግ ገባት።

ከዚያ በቀጥታ የሄደችው ወርቄ ዘንድ ነው። ወርቄ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ገዲሴ በወለደች ጊዜ ገንፎ ያገነፋችላትም እሷው ናት።

«እትዬ ወርቄ፣ ባሌ ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«የት?»

«አላውቅም። ከሴት ጋር። በአውሮፕላኗ።»

ወርቄ ተነስታ ጫማዋን ፈለገች።

«እንዳይጎዱት። እንዳይሄድ ብቻ።»

«ምን ያደርጉታል ብለሽ ነው? ይመክሩታል» አለች ወርቄ። ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሮበሌ ለመውጣት ዘገየ። የተኛውን ልጅ ጎንበስ ብሎ ሳመው።

«ዛሬ ምሳ ስታመጪ ልጁን አዝለሽው ነይ። አባቱ የሠራውን ይይ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ጋቢ ደርቢለት።»

ሊሰናበተው ነው፣ አለች በልቧ። የሠራችውን ልትነግረው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ሮበሌ ትንሽ ቆሞ ጠበቃትና ወጣ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጁን አዝላ፣ ሳህኑን ይዛ ደረሰች። ማሞ ሳህኑን አላየም።

«ወስደውታል፣ ልጄ። ሰፊዋንም ከቤቷ አውጥተው አብረው ጫኗት።»

«የት?»

«እሱ ይጠየቃል እንዴ?»

ገዲሴ እስከ መጋዘኑ በር ሄደች። የከለከላት የለም። አንድ ወታደር የኋላው ወንበር ላይ አጎንብሶ ያገኘውን ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል።

«ጀሪካን፣ ሁለት። ካርታ፣ አንድ። የወንበር ቀበቶ፣ አንድ።»

«እሺ።»

«ቆይ፤ እዚሁ ቀበቶ ላይ ሌላ ቀበቶ ተሰፍቷል። ውስጡ በጥጥ ተለብጧል፤ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ይሄን የማን ብለህ ትጽፈዋለህ?»