አንድ ማንኪያ ዘይት

መካኒኩ አራተኛውን ካንዴላ ከሞተሩ ፈትቶ ወደ ብርሃኑ ያነሣዋል። ጫፉ እንደ ሦስቱ ወንድሞቹ ጠቁሯል፤ ሬንጅ የጠጣ ይመስላል።

«ለመሆኑ ስንት ትበላለች?» ይላል ዐይኑን ከካንዴላው ሳይነቅል።

«በቀን ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው…» ብሎ ይጀምርና ጡረተኛው መምህር ምላሱን ይነክሳል። የተጠየቀው ስለ መኪናዋ ነው። «ማለቴ፣ በሳምንት ሁለት ሊትር ዘይት። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

ከኋላ ወንበር፣ ሚስቱ ከተጠቀለለችበት ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ቀጭን ሳቅ ይወጣል። «እኔን መስሎህ ነው አንተ? የእኔንም ድርሻ ደርባ እየበላችልኝ አይደል!»

ሐኪሞች እጃቸውን ካነሡ ወዲህ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተራራው ማዶ፣ ተወልዳ ባደገችበት ቤት፣ ከእህቷ ጎን መተኛት። የኮንትራት ሹፌሮች መልኳን እያዩ፣ መንገድ ላይ እንዳታልፍባቸው ፈርተው ሸሽተዋል። የቀረቻቸው ይህቺ ሠላሳ ዓመት አብራቸው ያረጀች መኪና ናት።

«አታፈስም፤ ከሥሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ደረቅ ነው» ይላል መካኒኩ። «እያቃጠለችው ነው ማለት ነው። የቫልቭ ላስቲክ ከሆነ እስከ ማታ አስረክብዎታለሁ፣ ጋሼ። ፋሻ ከሆነ ግን ሞተሩ ይወርዳል። ወር ይፈጃል።»

ፋሻ ፒስተኑን አቅፎ ዘይቱን ከእሳቱ የሚለይ ቀለበት መሆኑን መምህሩ ያውቃል። ወር የሚባል ነገር እንደሌላቸውም ያውቃል።

መካኒኩ የግፊት መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ያስራል። መምህሩ መሪው ጋ ተቀምጦ ቁልፉን ሲጠመዝዝ ሞተሩ ያቃስታል፤ መርፌዋ እየተንፏቀቀች ከግማሽ በታች ትቆማለች።

«ደካማ ናት። አሁን ትንሽ ዘይት ላቅምሳት። መርፌዋ ካልተነሣች ቫልቭ ነው፤ ከተነሣች ፋሻው አልቋል። ማንኪያ ይኖርዎታል?»

ይኖረዋል። ከሾርባው ፔርሙዝ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለውን አውጥቶ፣ ሳያስብ ይሰጠዋል። መካኒኩ አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ያንቆረቁርና በጣቱ ምልክት ያሳያል።

በአልጋ ዳር ለወራት «ተነሺልኝ» ሲል የከረመ አንደበት ዛሬ ቁልፉን እየጠመዘዘ «አትነሺ፣ አደራሽን አትነሺ» ይላል።

«ተነሣች» ይላል መካኒኩ ቀስ ብሎ።

«እሰይ!» ትላለች ሚስቱ ከኋላ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መስኮቱ ይጠጋና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጋሼ፣ ብርታት እንዳይመስልዎት። ዘይቱ የተበላውን ቦታ ለአፍታ ሞልቶላት ነው። ሜዳውን ዘይት እየሞሉላት ትሄዳለች፤ ዳገቱን ግን አትወጣም።»

«መሄጃውን ብቻ፣ ልጄ። ለመልሱ አልጨነቅም።»

«እኔስ ብዋሽዎት ደስ ባለኝ። ዳገቱ ወገብ ላይ ትቀመጥብዎታለች።» ማንኪያውን በመስኮቱ ይመልስለታል።

«አንተ» ትላለች ሚስቱ። «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አምጣው እስቲ። ዛሬስ ሊበላልኝ ነው መሰለኝ።»

መምህሩ ወርዶ የኋላውን በር ይከፍታል። ማንኪያውን በሸሚዙ ጫፍ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይወለውለዋል፤ በጎድጓዳው ውስጥ የሚያብረቀርቀው ቀስተ ደመና ግን አልለቅ ይላል። ሾርባውን በዚያው ይቀዳል። እሷም ጣዕሙን ሳታማ ትውጠዋለች። ወዲያው ጉንጯ ላይ ስስ ደም ብልጭ ይላል፤ ዐይኗም ይገለጣል።

«አየህ? በረታሁ እኮ» ትላለች። «ነገ በጠዋት እንነሣ።»

እሱ ቀና ይላል። መካኒኩ መለኪያውን ከሞተሩ ፈትቶ፣ በእጁ እንደያዘ፣ በአውራ ጣቱ ጎኑ ላይ ያለችውን የአየር መልቀቂያ ይጫናታል። ታፍኖ የነበረው አየር እስስ እያለ ይወጣል፤ መርፌዋም ከቆመችበት ከፍታ ሳትጣደፍ ወርዳ ዜሮ ላይ ትተኛለች።