አርባ አንድ ሳህን ኩኪስ

«እማማ፣ ቅቤው ኮሸር ነው... ማህተሙን ይዩት፣ መጠቅለያውን ይዤልዎት መጥቻለሁ!»

ደመቀች ይህን ስትል በአንድ እጇ ትኩስ ኩኪስ፣ በሌላው በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ መሆኑን የሚናገር ማህተም ያለበትን የቅቤ ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

እማማ እማዋይሽ ወረቀቱን አላዩትም። ሳህኑን ብቻ ተቀበሉ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ... በሩም ተዘጋ።

ቦታው እስራኤል አገር፣ ቤርሼባ ከተማ ነው። መንግሥት የሠራው የድሮ መኖሪያ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጊዜው በፈረንጅ 2007።

ሁለቱም ከጎንደር የመጡ፣ በር ለበር ጎረቤታሞች ናቸው። ግን...

እማማ በሰማንያዎቹ የገቡ የጥንት ቤተ እስራኤል ናቸው። ከሌላ እምነት ሰው እጅ ሳይበሉ ያደጉ፣ በዚህም ብዙ መከራ ያዩ ሴት።

ደመቀች ደግሞ አያቶቿ አይሁድ ቢሆኑም እሷ ያደገችው በክርስትና ነው። ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ። ጊዩር የሚሉትን የመመለሻ ትምህርትና ሥርዓት ጨርሳ ወደ አያቶቿ ሃይማኖት ተመልሳለች። የረቢዎቹ ማህተም ያለበት ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል።

ወረቀት ግን አብሮ አይበላማ!

ደመቀች የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር... እማማ ከእጇ እንዲበሉላት። እናቷን ጎንደር ቀብራ ነው የመጣችው። እማማ ደግሞ ሲስቁ ቁርጥ እናቷን ናቸው፤ ፊት ለፊት አንድ ጥርስ ጎድሎባቸዋል።

ኩኪሱን የለመደችው ራሞት ሰፈር በጽዳት ከምትሠራበት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት «ቅቤውን አቅልጪው» አለቻት። ደመቀች የምታውቀው ደግሞ እሳት ላይ የወጣ ቅቤ ሳይነጠር እንደማይወርድ ነው! አረፋው እስኪጠፋ፣ ከስሩ ያለው ቡናማ እስኪሆን፣ ቤቱ የተቆላ ለውዝ ለውዝ እስኪሸት ጠበቀች። ከስኳሩና ከዱቄቱ ጋር ለወሰችው፣ ቸኮሌቱን ከታትፋ ጨመረችበት... ጋገረችው።

ሴትየዋ ቀምሳ «ምን አድርገሽበት ነው?» ስትላት አበላሸሁ ብላ ደንግጣ ነበር እኮ። ሴትየዋ ግን ሁለተኛ አነሳች።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ሁለት ሳህን ትጋግራለች። አንዱ ለቤቷ... አንዱ ለእማማ።

የእማማ ሳህን እሁድ እሁድ ታጥቦ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይደለም፤ አንዴ ሎሚ፣ አንዴ የተቆላ ሽንብራ ይዞ ነው።

«ጣመዎት እማማ?»

«እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

ደመቀች ክንፍ አውጥታ ትመለሳለች። «እየበሉልኝ እኮ ነው!» ትለዋለች ባሏን። አስር ወር ሙሉ።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እማማ ታመው በአምቡላንስ ተወሰዱ... ማክሰኞ አረፉ።

ሰባቱን የሐዘን ቀን ደመቀች ወንበር ስታመላልስ፣ ውሃ ስትቀዳ ሰነበተች። አላለቀሰችም። ለምን እንደማታለቅስ ለራሷም አልገባትም።

ሰባቱ ሲያልቅ የእማማ የልጅ ልጅ ኦሬል በሯን አንኳኳች። ኦሬል አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ዕብራይስጡ ይቀድማታል።

«ደመቀች፣ ቦኢ ረጋ... አንዴ ነይ፣ የሳቭታን፣ የአያቴን ፍሪዘር እዪልኝ።»

ሄደች። ከፈተችው።

ከረጢት... ከረጢት... ከረጢት።

ሁሉም ኩኪስ ነው። በንፁህ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በየሳምንቱ ተራ ተደራርቦ፣ ፍሪዘሩን ሞልቶታል።

ደመቀች ቆጠረቻቸው። አርባ አንድ።

አስቡት እስቲ... አስር ወር ሙሉ ፍሪዘር ስትመግብ ነበር!

አልከፋትም። አልተናደደችም። ምንም አልተሰማትም። እማማ አንድም ቀን «በላሁት» ብለዋት እንደማያውቁ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላት። «እጅሽ ይባረክ» ነው ያሉት።

«ታዲያ ለምን አልጣሉትም?» አለች።

«እኔ እንጃ፣ ሎ ዮዳዓት» አለች ኦሬል። «አንዴ ልጥለው ስል ጮኸችብኝ። ልጅቷ የደከመችበት ነው፣ እንዳትነኪው! አለችኝ። ታዲያ ራስሽ ብዪው፣ ስላት... እናቴ ምን ትለኛለች? አለች። እናቷ እኮ ከሞተች ሃምሳ ዓመቷ ነው!»

ደመቀች ከረጢቶቹን ልታወጣ እጇን ሰደደች። ከላይ ያለው የመጨረሻው ነበር... እማማ ከመታመማቸው በፊት በነበረው ዓርብ የሰጠቻቸው።

ይኼኛው አልታሰረም።

ከውስጡ አንዱ ኩኪስ ተነክሷል።

ትንሽ ናት ንክሻዋ፣ ጠርዙ ላይ። መሃሏ ላይ ሳይነከስ የቀረ ቀጭን ነገር አለ... ጥርሱ በጎደለበት ልክ።

ኦሬልም አየችው።

ደመቀች ኩኪሱን አነሳችው። ድንጋይ ሆኗል። የእማማ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ በመዳፏ ይዛ እስኪለሰልስ ጠበቀች። ከዚያ ከተነከሰው በኩል ጀምራ ጨረሰችው።

«እንግዲህ... አብረን በላን» አለች።

አሁንም አላለቀሰችም። ሳይመለስ የቀረውን ሳህኗን አጥባ፣ ይዛው ወደ ቤቷ ገባች።

ወገኖቼ... እኔ ማንን እንደምወቅስ ጠፍቶኛል። እማማን እንዳልል፣ ከእናት ከአያት የወረሱት ነገር በአንድ ዓርብ አይለቅም፤ አርባ ዓርብ ፈጀባቸው። ደመቀችንማ ምን ብዬ!

ትምህርቱ ግን ይኼ ነው፦ ሰው ደጃችሁ ድረስ ይዞ የመጣውን ለመቅመስ ልባችሁ ከፈቀደ... እዚያው በሩ ላይ፣ እሱ እያያችሁ ቅመሱለት። ፍሪዘር ውስጥ የተደበቀ ንክሻ ለባለቤቱ የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው።

እናንተ በደመቀች ቦታ ብትሆኑ... ሳይበሉ ለቀሩት አርባ ሳህኖች ይከፋችኋል ወይስ ለዚያች አንዲት ንክሻ ደስ ይላችኋል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እውነቱን ግን!